ሁለት ጣት ወደ ቀኝ

ሁለቱ እህትማማቾች ክረምት ሲገባ አፋቸው ያማርራል፣ ልባቸው ግን ይደሰታል። ጎረቤቱ ሁሉ "ምን ዓይነት ብርድ ነው!" ሲል እነሱም አብረው "ምን ዓይነት ብርድ ነው!" ይላሉ፤ ዝም ቢሉ ሰው ይታዘባቸዋላ። በራቸውን ከዘጉ በኋላ ግን ምድጃውን ለኩሰው፣ የበግ ጠጉር የታጨቀበትን ጆንያ ከአልጋ ሥር ጎትተው ሲያወጡ ያየ ሰው ሠርግ የተጠሩ ይመስለዋል።

ትልቋ አዋላጅ ነበረች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ልጅ በእጇ ስትቀበል ኖራለች። ዛሬም መንገድ ላይ ጢሙን ያሳደገ ጎረምሳ ሰላም ሲላት፣ "እግርህን አስቀድመህ የመጣኸው አንተ አይደለህ?" ብላ ጓደኞቹ ፊት ታሳፍረዋለች። ታናሿ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች፤ ሳትቆጥር ደረጃ አትወጣም። ሁለቱም ጡረታ ወጥተዋል። የአንዷ ባል ሞቷል፣ የሌላዋ ባል ደግሞ ቀድሞውኑ አልነበረም። የሚኖሩት እናታቸው በተወችላቸው ፎቅና ምድር ቤት ነው፤ አሥራ አራት ደረጃ አለው።

ሥራውም እንደ ቤቱ የእናታቸው ውርስ ነው። እናትየው ለትልቋ እንዝርት፣ ለታናሿ የሹራብ መርፌ ሰጠቻቸው፤ በዚያው ቀረ። ትልቋ ትፈትላለች፣ ታናሿ ትሠራለች። በአርባ ዓመት ውስጥ አንዷ የሌላዋን ዕቃ ነክታ አታውቅም። በየክረምቱ የሚሠሩትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወንድማቸው ልጅ ሹራብ። ልጅ ይባል እንጂ ሠላሳ አራት ዓመቱን ይዟል። ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ የሥጋና የዓሣ ካርቶን ሲጭንና ሲያወርድ ስለሚውል፣ ውጭ ፀሐይ ብትጠብስም ለእሱ ሁልጊዜ ክረምት ነው። የካርቶኑ ጠርዝ ሹራቡን በዓመቱ በልቶ ይጨርሰዋል። አክስቶቹ "በረዶው" ይሉታል፤ እሱም ስልክ ሲደውል "በረዶው ነኝ" ይላል።

አሁን ስለ ክሩ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። እናታቸው ሁለት ክር አንድ ላይ አትደርብም ነበር። ነጠላ ክር ይለሰልሳል፣ ይሞቃል፤ ግን አንድ ዐመል አለው። በከረረበት በኩል ሹራቡን ይጎትተዋል። ከወገብ ተነሥቶ እስከ ብብት የሚወጣው የጎን መስመር፣ ሹራቡ ታጥቦ ሲደርቅ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። እናትየው ለዚህ መላ ነበራት፤ ለታናሿ ብቻ ነግራታለች። "ከታች ስትጀምሪ መስመሩን ሁለት ጣት ወደ ቀኝ አርቂው። ወደ ቦታው የሚመልሰው ክሩ ራሱ ነው።" አርባ ዓመት ሙሉ ታናሿ ሁለት ጣት ወደ ቀኝ ጀመረች፣ አርባ ዓመት ሙሉ ክሩ መለሰው።

ዘንድሮ አልመለሰውም።

ታናሿ የሹራቡን አካል፣ ደረትና ጀርባውን ሳትለይ ዙሪያውን ሠርታ ብብት ላይ አደረሰችው። ለብ ባለ ውኃ አጠበችው፣ በፎጣ ጨምቃ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በሦስተኛው ቀን ደርቆ ስታየው መስመሩ ከብብት አራት ጣት ርቆ ቆሟል። መልሳ ለካችው። አራት ጣት፣ ያውም ወደ ቀኝ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለች ለራሷ፤ መቼም ቆጠራ ላይ ተሳስቻለሁ ብላ ነው። ተረተረችው።

በሁለተኛው አልቸኮለችም። አሥር ዙር በጨረሰች ቁጥር አንድ የክብሪት እንጨት ብርጭቆ ውስጥ ትጥላለች። መስመሩን ስትጀምር ሁለት ጣቷን ጨርቁ ላይ አጋድማ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ አውልቃ፣ እንደገና አድርጋ አየችው። አጠበች፣ ዘረጋች፣ ጠበቀች። አራት ጣት ወደ ቀኝ።

ያን ቀን ፍርሃት ያዛት። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም በግልጽ ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀባት። እናታቸው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ክረምት ራሷ መርፌ አንሥታ ለበረዶው ሹራብ ሠርታ ስትጨርስ፣ እጅጌው ሦስት ነበር። ሦስተኛው እጅጌ እንደ ሁለቱ አምሮ፣ ጫፉ ተጠናቅቆ፣ ከጀርባው መሐል ተሰፍቷል። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በረዶው ለብሶት "ይኼኛው ለጅራቴ ነው?" እያለ ሳሎኑን ዞረ፤ እናታቸውም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በዓመቱ የልጆቿን ስም ማምታታት ጀመረች። በሦስተኛው ዓመት ታናሿን "እመቤት፣ የማን ልጅ ነሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ ወዲያ ስለ ሦስተኛው እጅጌ በዚያ ቤት የሳቀ የለም።

እናታቸውን የጀመራት ከሹራብ ነው። እሷንም ከሹራብ ጀመራት ማለት ነው።

እናም ራሷን ትፈትን ጀመር። ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ የአሥራ ሰባትን ብዜት ታነበንባለች፤ አሥራ ሰባት ሲባዛ በስምንት፣ አሥራ ሰባት ሲባዛ በዘጠኝ። ሰሐን ስታጥብ የመጀመሪያ ክፍሏን ተማሪዎች በስም መጥሪያው ቅደም ተከተል ትጠራለች። አንድ ስም ሲጠፋት ሰሐኑን ይዛ ትቆማለች። ሲመጣላት ደስ አይላትም፤ የሚመጣላትን ስም ብዛት ሳይሆን ለመምጣት የፈጀበትን ጊዜ ነው የምትቆጥረው።

ለእህቷ አልነገረቻትም። ትልቋ እናታቸውን አምስት ዓመት አጥባለች፣ አጉርሳለች፣ አገላብጣለች። ሁለተኛ ልትሸከም ነው? ታናሿ ሆድ ይፍጀው ብላ ሦስተኛውን ጀመረች።

ትልቋ ከምድጃው ማዶ ተቀምጣ ትፈትላለች። ዘንድሮ ወንበሯን ወደ ግድግዳው በኩል አዙራዋለች፤ "መስኮቱ ብርድ ያስገባል" ብላ። የፈተለችው ክር እንደ ወትሮው ቀጭን ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል። ታናሿ ስትተረትር በዓይኗ ጠርዝ ታያታለች፤ ምንም አትላትም። በደጉ ጊዜ ቢሆን "ምነው፣ ዘንድሮ መሥራት ተውሽና መተርተር ያዝሽ?" ብላ ትተርባት ነበር። የዘንድሮው ዝምታዋ ታናሿን የበለጠ አስፈራት። አውቃብኛለች ማለት ነው።

ሦስተኛው በደረቀ ማግሥት እሑድ ነበርና በረዶው መጣ። ሁለት ዳቦና አንድ ማሰሮ የሚያህል የራሱን ሳቅ ይዞ ይገባል ሁልጊዜ። እጅጌ የሌለውን ሹራብ በአንገቱ አጥልቆ መስታወት ፊት ቆመ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ።

"አንደኛው መስመር እምብርቴን ፍለጋ ሄዷል" አለ። "ሌላው ደግሞ ጀርባዬን ሊያክልኝ ነው። አክስቴ፣ አረጀሽ እንዴ?"

"ዝም በል!" አለች ትልቋ።

አባባሏ የቀልድ አልነበረም። በረዶው በሹራቡ አንገት ብቅ እንዳለ ቀረ። ታናሿ ቀና ብላ እህቷን አየቻት፤ ትልቋ ግን እንዝርቷ ላይ አቀርቅራለች፣ ጆሮዋ ቀልቷል።

"እኔ እኮ በፍቅር ነው የምለብሰው" አለ በረዶው ቀስ ብሎ። "ካርቶኑ መስመር አይመርጥም።"

"አውልቀው" አለች ታናሿ። "አስተካክለዋለሁ።"

ሰኞ ጠዋት ትልቋ ሳሎን ስትቀር ታናሿ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ያሰበችው ለእህቷ እንዴት እንደምትነግራት ነበር። ለመናገር የፈራችውን ነገር ሁልጊዜ ጽፋ ነው የምትጀምረው፤ ከመሳቢያው የቆየ ደብተር አውጥታ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቁልቁል ጻፈች። አንደኛው ሹራብ፣ አራት ጣት። ሁለተኛው፣ አራት ጣት። ሦስተኛው፣ አራት ጣት።

ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች።

ሠላሳ ዓመት የፈተና ወረቀት ያረመች ሴት ናት። ሰነፍ ተማሪ ምን ዓይነት እንደሆነ ታውቃለች፤ ዛሬ ሰባት ያለውን ነገ አሥራ አንድ ይለዋል። አእምሮዋ የደከመ ሴትም እንደዚያው ናት፤ እናታቸው አንድ ቀን ጨው ሁለቴ ትጨምር፣ በማግሥቱ ጭራሽ ትረሳው ነበር። ሦስት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲመጣ ግን መምህር ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ስሕተቱ የሠሪው አይደለም፤ ከአንድ ቦታ ተቀድቷል።

አራት ማለት ደግሞ ምንድን ነው? ሁለት ሲደመር ሁለት። እሷ ሁለት ጣት ወደ ቀኝ አስጀመረችው፤ ክሩ ሁለት ወደ ግራ በመመለስ ፋንታ ሁለት ወደ ቀኝ ጨመረበት።

ብድግ አለች። የጥገና ቅርጫቷ ውስጥ አምና የተረፈ ልቃቂት አለ፤ የበረዶው ሹራብ ክርኑ ላይ ሲቀደድ ለመድፈን ያስቀረችው። ከእሱ አንድ ክንድ፣ ከዘንድሮውም አንድ ክንድ ቆረጠች። ሁለቱን የቁም ሳጥኑ እጀታ ላይ አሰረች፣ ከታች አንዳንድ የልብስ ቁልፍ አንጠለጠለችባቸው፣ ለቀቀቻቸው። የአምናው ክር ቁልፉን ወደ ግራ አዞረው። የዘንድሮው ወደ ቀኝ አዞረው።

"ደህና ነኝ!" አለች ጮክ ብላ። "እሰይ! ደህና ነኝ!"

በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ብቻዋን ሳቀች። አሥራ ሰባት ሲባዛ በዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት ነው! አልጠፋም፣ ምንም የጠፋ ነገር የለም። ሳቋ ገና ሳያልቅ ቁልፎቹን መልሳ አየቻቸው። እንዝርት በቀኝ እጅ ጣቶች ሾጥ ተደርጎ ሲለቀቅ በአንድ በኩል ይዞራል። በሌላ በኩል እንዲዞር በግራ እጅ መሾጥ አለበት። አርባ ዓመት በቀኝ እጅ የፈተለች ሴት በግራ የምትፈትለው ለምንድን ነው?

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተራ በተራ መጣ። ወንበሩን ያዞረችው በመስኮቱ ብርድ አይደለም፤ ቀኝ ጎኗ ወደ ግድግዳው እንዲሆን ነው። ሻዩን በግራ እጇ ነው የምትጠጣው። "ቢላዋው ደንዟል" ብላ ዳቦ መቁረጥ ከተወች ሁለት ወር ሆኗታል፤ ቢላዋው ግን ስለታም ነው። ትናንት በረዶውን ስትስመው እንኳ ቀኝ እጇ ከሻርፑ ሥር አልወጣም። ታናሿ ይህን ሁሉ አይታለች፣ ግን አላየችውም፤ ዓይኗ የራሷ ራስ ላይ ነበር። አሁን ደግሞ እህቷ እጅ ላይ በደረሰው ነገር እሰይ ብላ ጮኻለች። ፊቷ በሐፍረት ተቃጠለ።

ሳሎን ስትገባ ትልቋ በግራ እጇ እየፈተለች ነበር። ታናሿ ወንበር ስባ በግድግዳው በኩል፣ በቀኟ፣ ተጠግታ ተቀመጠች።

"እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ምድጃው በዚህ በኩል ነው" አለች ትልቋ።

"እትዬ፣ እጅሽን ስጪኝ።"

እንዝርቱ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ትልቋ ቀኝ እጇን አልሰጠቻትም፤ ታናሿ ራሷ ከሻርፑ ሥር አወጣችው። ቀዝቅዟል። ሦስቱ ጣቶች ወደ ውስጥ ተጣጥፈዋል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ክረምቱ ሊገባ ሲል" አለች ትልቋ። "አንድ ጠዋት ስነቃ ክንዴ ከእኔ ጋር አልነቃም። በኋላ ትንሽ ተመለሰ። ጣቶቼ ግን ቀሩ።"

"ዝም አልሽኝ?"

"ምን ልበልሽ?"

"በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እያልሽ ሰፈሩን ስታሳቅቂ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም? ስንቷን እርጉዝ በዚህ ቃል አስለቅሰሻታል!"

"ለሰው መንገር ቀላል ነው" አለች ትልቋ። "የልጆቹን ራስ የተቀበልኩት በዚህ እጅ ነው። ማንኪያ ሲያቅተው እንዴት ብዬ ላሳይሽ? በግራ መፍተል ለመድኩ፤ ክሩም ያው ነው አልኩ። ሁለት ጣት ቢያዘነብል፣ በረዶው ካርቶን ሊሸከምበት ምን አለበት አልኩ።"

"አራት ነው።"

"ሁለት ነው። የክር ዐመል አንቺ ልትነግሪኝ ነው?"

"አራት!" አለች ታናሿ፤ ከዚያም የእናታቸውን ምስጢር፣ ሁለቱን ጣት ወደ ቀኝ፣ ከነምክንያቱ ነገረቻት።

ትልቋ አፏን ከፍታ ሰማቻት። "ለእኔ አልነገረችኝም።"

"የመርፌ ነገር ነዋ።"

"አርባ ዓመት ሙሉ ክሬን ከጀርባዬ ስታርሚ ኖረሻል ማለት ነው?" አለች ትልቋ፤ ለአፍታ ሕመሟን ረስታ ተቀይማ ነበር። ከዚያ ግን አንድ ነገር ገባት፣ ፊቷ ተለወጠ። "ታዲያ ሦስቴ ስትተረትሪው… እኔ እኮ ያው ጣጣሽ ነው፣ ፍጹም ካልሆነ አይሆንላትም ብዬ ነው። አንቺ ምን መስሎሽ ነበር?"

ታናሿ የእህቷን ሻርፕ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት።

"ምን መስሎሽ ነበር?"

"ሦስተኛው እጅጌ" አለች ታናሿ።

ምድጃው ውስጥ አንድ ፍም ተሰብሮ ወደቀ። ትልቋ በግራ እጇ የእህቷን ጉልበት ያዘች።

"ደረጃው ላይ የምታነበንቢው…"

"የአሥራ ሰባት ብዜት ነው። አእምሮዬን ስፈትን ነበር።"

"ጸሎት መስሎኝ!" አለች ትልቋ። "መታመሜን አውቃ ለእኔ እየጸለየች ነው፣ ብላ ብላ በደረጃ ላይ ሳይቀር ትጸልይልኛለች ብዬ… ልቤ ተነክቶ ነበር እኮ!"

ታናሿ መጀመሪያ ሳቀች። ትልቋ ተከተለቻት፣ ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም፣ ደህነኛው እጇ የእህቷ ጉልበት ላይ ነበርና። "ይቅር በይኝ" አለች። "ይህን ሁሉ ጊዜ ያን እያሰብሽ እዚያ ማዶ ተቀምጠሽ! ይቅር በይኝ፣ እቴ።"

"እኔስ? ክሩ ነው የተሳሳተው ብዬ ወጥ ቤት ውስጥ እሰይ ብያለሁ። አልሰማሽኝም?"

"ሰምቻለሁ። ሊጡ ኩፍ ያለልሽ መስሎኝ ነበር።"

ታናሿ የቀዘቀዘውን እጅ በሁለት መዳፎቿ መሐል አድርጋ ታሸው ጀመር። "ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"እዚያ ያሉት ወጣት ሐኪሞች ግማሾቹ በእጄ የተወለዱ ናቸው።"

"ጥሩ። ወረፋ አንጠብቅም።"

"ይስቁብኛል።"

"እግራቸውን አስቀድመው የመጡትን እየጠቆምሽ ታሳፍሪያቸዋለሽ።"

ትልቋ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አለች፤ በቃል ሳይሆን ዝም በማለት። ዝም ስትል እሺ ማለቷ እንደሆነ ታናሿ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጠነከረ። ታናሿ ሦስተኛውን ሹራብ አመጣች፣ ጫፉን ፈልጋ ሳበችው፣ ረድፉ እየተተረተረ ይወርድ ጀመር። ይኸኛው መተርተር አልከበዳትም። ትልቋ ክሩን በግራ እጇ ተቀብላ፣ የታጠፉት የቀኝ ጣቶቿ ላይ እየጠመጠመች ልቃቂት አደረገችው፤ የማይዘረጋ ጣት ለዚህ ሥራ እንደሚመች ያገኙት በዚያ ቀን ነው።

መብራት ሳይበራ ታናሿ አዲሱን ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ሠርታ መስመሩ የሚነሣበት ቦታ ላይ ስትደርስ ሁለት ጣቷን ጨርቁ ላይ አጋደመች። እጇ በልማድ ወደ ቀኝ ሄደ። መለሰችው። ሁለት ጣት ወደ ግራ አስጀመረች።

ትልቋ አንገቷን አስግጋ አየቻት። እንዝርቷን አንሥታ በግራ እጇ ሾጥ አድርጋ ለቀቀችው።

"ቀኝ እጄ ቢድንስ?" አለች በመጨረሻ። "ሹራቡ ግማሽ ላይ ደርሶ፣ ክሩ ደግሞ ወደ ድሮው ቢመለስ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እተረትረዋለኋ" አለች ታናሿ፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል።